ከነፋሱ በታች የሚቀመጠው ሰው

የአያ ታከለን መሞት የሰማሁት ደጀን ላይ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ከአዲስ አበባ የምንመጣውም ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትም በአንድነት ተገትረን፣ የመኪና ጥላ ስንሻማ የዋልንበት ቀን ነበር። ከወረታ ሩዝ ጭኖ የመጣ አንድ የማውቀው ሾፌር ከርቀት አየኝና እጁን አወናጨፈ። አጠገቤ ደርሶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣

«ያ እብቅ በታኙ ሰውየህ አረፈ እኮ» አለኝ።

«የቱ?»

«ስንት እብቅ በታኝ አለህ? ታከለ ነዋ! ትናንት ቀበርነው። ሰው አልነበረውም፤ መኪና የምንጭን የምናወርድ ሰዎች ነን የተሸከምነው።»

የጃኬቴን የውስጥ ኪስ ነካሁት። ለእሱ የገዛሁት ክኒን እዚያው አለ። ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይኸን አሁን ማን ይገዛኛል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ሲመጣ ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ውኃ ሊያመጣልኝ ሄደ።

ወረታን የማያውቅ ሰው ካለ፣ የሩዝ ከተማ ናት። ክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ ያ ሁሉ ውኃ ሩዝ ሆኖ በጋሪና በአህያ ወደ እኛ ይመጣል። መፈልፈያ ቤቶቹ ከማለዳ ጀምረው ይጮኻሉ። ከሩዙ የሚፈለፈለው እብቅ እንደ ጉም ያንዣብባል፤ ሻይህ ውስጥ ይገባል፣ አልጋህ ውስጥ ይገባል፣ ለቅሶ ቤት ሄደህ ስታለቅስ ከእንባህ ጋር ይወርዳል። እኔ ከጎጃም መጥቼ እዚህች ከተማ ሩዝ መነገድ ስጀምር፣ መጀመሪያ የተዋወቅሁት ሰው አያ ታከለ ነበር።

የእትየ ብርቄ መፈልፈያ በር ላይ የሚቆም ደላላ ነው። ገበሬው ጆንያውን አውርዶ «ደረቅ ነው፣ በመስቀሉ!» ብሎ ሲምል፣ አያ ታከለ አይከራከርም። እጅጌውን ይሰበስብና ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ጆንያው ይሰዳል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ እጁን አውጥቶ ያሸትና፣ «ይኸስ ትናንት ሲዋኝ ነው ያደረው» ይላል። ገበሬውም ሳይወድ ይስቃል። የእርጥብ ጆንያ ነገር ሲነሳ ግን ቀልድ አያውቅም። «አንድ የሻገተ ጆንያ ካስገባችሁ መጋዘኑን ሁሉ ነው ያሻገታችሁት። ለብቻው! ወዲያ፣ ለብቻው!» እያለ ይጮኻል።

በመጀመሪያ እርስዎ ስለው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። «እርስዎ የሚባለው በልቶ የጠገበ ሰው ነው፤ አንተ በለኝ» አለኝ። እኔን ደግሞ እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ጎጃሜው» ነበር የሚለኝ። ሰው ፊት ሲሆን «ጎጃሜው፣ ጥላ ሥር ግባ፤ ፀሐይ ስትመታህ ዋጋ ትጨምራለህ» ይላል።

እብቅ በታኝ ያሰኘውን ነገር ያየሁት በዚያው በመጀመሪያው ሰሞን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መፈልፈያው ደጃፍ ክብ ሠርተን ልንቀመጥ ስንል፣ አያ ታከለ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና ቆንጠር አድርጎ እብቅ አወጣ። ገበሬ ምርት ሊያዘራ ሲል ነፋሱን እንደሚፈትነው አድርጎ ወደ ላይ በተነው። እብቁ ወደ መንገዱ በኩል ሄደ። እሱም ሰሐኑን ይዞ ወደ መንገዱ በኩል ሄዶ፣ ከእኛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ነፋሱ መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ እሱን የሚነካበት ቦታ ላይ ማለት ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«የሳንባ ነቀርሳ አለበት። ወደ ሰው እንዳይሄድ ነው» አለኝ አንዱ፣ እንደ ተራ ነገር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አየሁት። ሲበላ፣ ሲያወራ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ እብቅ፣ ቀጥሎ መቀመጫ። መጠጫውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ አቅጣጫው የታወቀ ነውና ራቅ ብሎም ቢሆን ያወራናል፣ እየጮኸ ይቀልዳል። ነፋስ የሌለ ቀን ግን እብቁ ቀጥ ብሎ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሰሐኑን አንሥቶ ከመፈልፈያው ጀርባ፣ የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ይበላል።

በሽታው በወጣትነቱ የያዘው ነው። በመድኃኒት ድኖ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት አንዲት ሴት ልጅ ቀረችለት፤ የሻረግ ትባላለች። ልጅቱ ዳዴ ስትል ሳሉ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ነቀርሳው አገርሽቶብሃል አሉት። በዚያው ሳምንት ልጁን ይዞ አንበሳሜ፣ እኅቱ ዘንድ አደረሳት። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ይሄዳል፤ ጓሮ ይቀመጣል፤ የያዘውን ይሰጣታል፤ ሳይበላ ይመለሳል። ልጅቱ እዚያው አደገች፣ እዚያው ተዳረች።

ሳሉ ግን አልተወውም። መድኃኒቱን ይጨርሳል፤ ይከርምና ደግሞ መሐረቡ ላይ ደም ያያል። ይሄዳል። አክታውን መርምረው «ንጹሕ ነው» ይሉታል። ቀጥለው ያንኑ መድኃኒት ይሰጡታል። እኔ ትምህርቴ የመናኸሪያ ነው፤ ቢሆንም ይኸ ነገር አልገባ አለኝ።

«አያ ታከለ፣ ንጹሕ ከሆነ ለምን ያክሙሃል?»

«እነሱስ ምን ያድርጉ? ቆሜ ስስል ያዩኛል።»

«ሌላ ሐኪም ይይህ እንጅ!»

«ሐኪም ቢበዛ ምን ያደርግልኛል? የበሽታዬን ስም እንደሆን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።»

አንድ ቀን ግን ራሱ መጣ። መጋዘኔ በር ላይ ቆሞ እብቁን በተነ፣ ከነፋሱ በታች ሆነ፣ ከዚያ ተናገረ። የሻረግ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ለክርስትናው ና ብላ ልካበታለች።

«ጎጃሜው፣ አንድ ነገር የሚነግረኝ ሐኪም ፈልግልኝ።»

«ምን የሚነግርህ?»

«መዳኔን አይደለም። እሱን ትቸዋለሁ። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት እችል እንደሆን የሚነግረኝ። ልጁን ማቀፍ እችል እንደሆን።»

በዚህ ነው መንከራተቱ የጀመረው። ባሕር ዳር ሄድን። አንዱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና መድኃኒት የለመደ ነቀርሳ ይሆናል አለ። ሌላው ጋ ስንሄድ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ ሂዱ አለን። አያ ታከለ ከዚያ ሲወጣ፣ «አየህ፣ ገበያው እየወጣ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ብዙ ወረፋ ጠብቀን አንዲት የሳንባ ስፔሻሊስት ጋ ገባን። ሲቲ ስካን አስነሣችው፤ ደም አስመረመረችው። ውጤቱን ልንሰማ ስንገባ ወንበር ብታቀርብለትም አልቀመጥ አለ። ዙሪያውን ያያል። ገባኝ፤ ክፍሉ ዝግ ነው፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ አያውቅም።

«ይቀመጡ፣ አባቴ» አለችው። «ነቀርሳ የለብዎትም። የዱሮው ነቀርሳ ሳንባዎ ውስጥ ባዶ ጎድጓዳ ትቶ ነው የሄደው። አሁን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ፈንገስ ገብቶ ተቀምጧል።»

«ፈንገስ ምንድን ነው?»

«ሻጋታ ይበሉት። እርጥብ እህል ላይ እንደሚወጣው ያለ።»

አያ ታከለ አየኝ። እኔም አየሁት። ክንዱ ሳይታወቀው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ፤ ከእርጥብ ጆንያ እንደሚያወጣው ዓይነት።

«ወደ ሰው ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ብበላ?»

«ይብሉ።»

«ሕፃን ባቅፍ?»

«ይቀፉ እንጅ!»

«በነፋስስ?»

ዶክተሯ ጥያቄው አልገባትም፤ ግን መለሰች። «በነፋስም ቢሆን ከእርስዎ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም።»

እሷ ቀጠለች። ቀዶ ሕክምናውን ሳንባው አይችለውም፤ ክኒን አለ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ የሚዋጥ፤ ቢቋረጥ ደሙ ሊመለስ ይችላል። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቃው ስትሰማ፣ አቧራና የሻገተ እህል ያለበት ቦታ እንዳይደርስ አስጠነቀቀችው።

«ዶክተር፣ ወረታን አይተዋታል?» አላት።

«አላየኋትም።»

«እንዲያ ነው» አለና ተነሣ። ደረጃውን ስንወርድ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። «እንግዲያ ያ ሁሉ እብቅ በከንቱ ነው የተበተነው» አለኝ። ይስቅ ይሁን አላውቅም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ሻይ እየጠጣን መከርኩት።

«ወረታ ስትገባ ሻጋታ እንዳትላቸው። ፈንገስ በላቸው።»

«ፈንገስ ምንድን ነው ቢሉኝስ?»

«አላውቅም በላቸው። ሰው የማያውቀውን በሽታ ያከብራል።»

«ሐኪሟ ያለችኝን ነው የምናገረው፣ ጎጃሜው። ይኸን ያህል ዘመን ነቀርሳ ስባል ኖሬ፣ ንጹሕ ወሬ ይዤ ስመጣ ልሸፋፍነው?»

በማግሥቱ መፈልፈያው በር ላይ ቆሞ፣ ጫኝ አውራጁም ገበሬውም በተሰበሰበበት፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ተናገረ። «ስሙ! ነቀርሳ አይደለም! ሻጋታ ነው! ወደ ሰው አይሄድም!»

አንድ ገበሬ ጆንያውን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ።

ሌላ ከተማ ቢሆን እልል የሚያሰኝ ወሬ ነው። እኛ ግን በዓለም ላይ ካለው በሽታ ሁሉ አጣርተን የምናውቀው አንድ ሻጋታን ብቻ ነው። ነቀርሳ መድኃኒት አለው ይባላል። የሻገተ ጆንያ መድኃኒት ሲኖረው ያየ የወረታ ሰው የለም። እትየ ብርቄ ከመጋዘኑ ወጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በለሆሳስ ነው የተናገረችው።

«ታከለ፣ እኔ አላባርርህም። ግን አንድ የሻገተ ጆንያ መጋዘኑን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ አንተው አይደለህ ስትነግረን የኖርኸው?»

ብዙ ሰው ሲከራከረው አይቻለሁ፤ በራሱ ቃል የረታው ሰው ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላ አንዱ፣ «ነቀርሳው ይሻል ነበር፤ እሱ እንኳ ሩዝ አይነካም» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ክንዱን ጆንያው ውስጥ የሚያስከትተው ገበሬ ጠፋ። የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ በዚህ መንገድ ተፈጸመ፤ እህል አጠገብ እንዳይደርስ ከተማው ሁሉ ጠባቂ ሆነለት።

እሱ ግን ክርስትናውን ነበር የሚያስበው። ጥር ላይ አብረን አንበሳሜ ሄድን። ኮቱን አሳጥቧል፤ ጸጉሩን ተስተካክሏል። መኪና ውስጥ ሳለን እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጣል። «ከቄሶቹ ጋር ያስቀምጡኝ ይሆን? ትሪው ሰፊ ይሆን?» ይለኛል። እኔ የፈራሁት የባሏን ወገኖች ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶ፣ ለብቻው ሰሐን አዘጋጅተው ይጠብቁት ይሆናል ብዬ። ተሳሳትኩ። ሰዎቹ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ዳሱ ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ የአያትነት ቦታው ተዘጋጅቶለታል። ትሪው ሰፊ ነበር።

አያ ታከለ ዳሱ በር ላይ ደረሰና ቆመ። እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ አየሁት። ኮቱ ታጥቧል፤ ኪሱ ግን ተሞልቷል። እብቁን በተነው። ነፋሱ ወደ ውጭ ነበር።

«ውጭ ይሻለኛል። ሙቀት አይስማማኝም» አለ። ለመኑት፤ እንቢ አለ። ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሻረግ ልጁን ታቅፋ ወጣች። ቀይ፣ አባቷን የምትመስል ሴት ናት።

«አባየ፣ ግባ እንጅ። ሰው ምን ይላል?»

«እዚያው ሁኝ፤ አትቅረቢ። በዚያ በኩል፣ አዎ፣ እዚያ ቁሚ።» ከነፋሱ በላይ ነው የሚያቆማት። አንገቱን አስግጎ ከርቀት ሕፃኑን አየ። «ጆሮው የእናትሽ ነው» አላት።

«አታቅፈውም?»

«ሌላ ጊዜ።»

«እንደ ልማድህ» አለችና ተመልሳ ገባች።

አጠገቡ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር። «ሐኪሟ ምን አለችህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንዱ ነቀርሳ አለኝ። አንዱ የለመደ ነቀርሳ አለኝ። አንዱ ካንሰር አለኝ። እሷ ሻጋታ አለችኝ። ተሳስታ ቢሆንስ? በእኔ ላይ ይሳሳቱ፤ እኔ ለምጀዋለሁ። በዚህ ሕፃን ላይ ግን አላስሞክርም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እውነቷን ቢሆንስ፣ ጎጃሜው? የሻገተ ጆንያ ምን እንደሚያደርግ እኔም እኮ አውቃለሁ።»

«እሽ፣ ለልጅህ ለምን እንደምትርቅ ንገራት።»

«ብነግራት እያለቀሰች መጥታ ታቅፈኛለች። አሁን ተቀይማለች፤ ቅያሜ ይሻላል፤ ራቅ ብላ ትቆማለች።»

ሰሐን ወጣለት። ከነፋሱ በታች ሆኖ በላ። እኔም የእኔን ይዤ ወጣሁ። ጠጋ ስል ራቅ ይላል፤ ጠጋ ስል ራቅ ይላል። ሁለታችንም እንዲህ እየተጓተትን የአጥሩ መጨረሻ ደረስን።

ክኒኑ ሠርቶለት ነበር። ደሙ ቆመ፤ ጉንጩ ሞላ። ግን መድኃኒቱ ባሕር ዳር አንድ ጊዜ አለ፣ አንድ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሩዝ በላክሁ ቁጥር በሾፌሮቹ በኩል ከአዲስ አበባ አስመጣለት ነበር። ሲቀበለኝ ሩቅ ቆሞ «ወርውረው» ይላል፤ ይቀልብና «ደረቅ ነው፣ ዋስ እሆናለሁ» ይላል። ከዚያ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ስልክም አንዴ ሲኖር አንዴ ሲጠፋ፣ ክኒኑ ተቋረጠ። ሳሉ ተመለሰ። ለሌላ ጉዳይ ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ገዛሁ፤ ስመለስ ደጀን ላይ ቆምን። ቀሪውን ነግሬያችኋለሁ። የእትየ ብርቄ ዘበኛ ማለዳ የአያ ታከለን በር አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ከፈተው። ደም ነው የወሰደው።

በአርባው የሻረግ ወረታ መጣች፤ ስልክ ጠፍቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰችም። ዕቃውን አብረን አወጣን፤ የሚወጣ ብዙ ነገር አልነበረም። አልጋ፣ መጠጫው፣ ኮቱ። ኮቱን አራገፈችው፤ ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጠች። እብቅ ፈሰሰ። ሌላኛውን ኪስ ገለበጠች፤ ከእሱም እብቅ ፈሰሰ።

«ይኸ ምንድን ነው፣ ጋሼ? ሁልጊዜ ቤታችን ሲመጣ ግቢው ውስጥ ይበትነው ነበር። አክስቴ በረከት ነው ትል ነበር።»

እኔን ግን አትንገራት አላለኝም ነበር። ነገርኳት። ነፋሱን እንዴት እንደሚፈትን፣ ከወዴት እንደሚቀመጥ፣ ለምን ከእኛ ጋር እንደማይበላ፣ ክርስትናው ቀን ለምን በዚያ በኩል እንዳቆማት፤ ሐኪሟ ምን እንዳለችና እሱ ምን እንዳለ። ስነግራት አላለቀሰችም። ስጨርስ ጎንበስ ብላ ከመሬት ቆንጠር አደረገች፤ ወደ ደጅ ወጣች፤ እጇን ወደ ላይ አንሥታ በተነችው።

ነፋስ አልነበረም። እብቁ ቀጥ ብሎ ወርዶ እግሯ ሥር ወደቀ።

«እንዲህ ያለ ቀንስ የት ይቀመጥ ነበር?» አለችኝ።

ከመፈልፈያው ጀርባ ያለውን የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ በጣቴ አሳየኋት። ኮቱን ታቅፋ ሄደች። ድንጋዩ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው፤ እሷ ግን ወደ ጠርዙ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።